ሳይደርቅ የተደረበ ቀለም

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ መስመር» ነው የሚለው። ታፔላ ጸሐፊ ነው። ሥጋ ቤት ይሁን ፀጉር ቤት፣ የጥርስ ሐኪም ይሁን ጎማ ጠጋኝ፣ በዚያ ሰፈር በር ላይ የተጻፈ ነገር ካያችሁ የእሱ እጅ ነው። ስፓጎ ክሩን በጠመኔ ነክሮ፣ ግድግዳው ላይ ወጥሮ፣ ለቀቅ አድርጎ ነጭ መስመር ሳያሰምር አንዲት ፊደል ጽፎ አያውቅም፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ መጣ። ሲያሾፉበት «ጋሽ መስመር ሲተኛም ስፓጎ ወጥሮ ነው፤ ሚስቱ ከመስመር ካለፈች ይቀሰቅሳታል» ይላሉ። እሱም ይስቃል። ይስቅ ነበር ልበል እንጂ።

አባታቸው የሞተ ጊዜ እሱ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነበር። ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ነው። ወንድምየው ራሱ ጦሙን እያደረ ለታናሹ ደብተር ገዝቷል፤ የመጀመሪያዋን ቡሩሽ በእጁ ያስያዘውም እሱ ነው። ጋሽ መስመር ውለታ የሚረሳ ሰው አይደለም፤ ጢሙ ሸብቶም ወንድሙን «ጋሼ» እንጂ ሌላ ብሎት አያውቅም። ጋሼ አለ ከተባለ አለቀ። ወንድምየው ዛሬ የግንባታ ዕቃ መደብር አለው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የሰፈሩ ጸሎት ቤት ሰብሳቢ ነው። የታመመ ለመጠየቅ የሚቀድመው የለም። ሲያናግራችሁም ክንዳችሁን ይዞ ነው። ደግ ሰው ነው ይሉታል። ይበሉት፣ እኔ ምን አገባኝ።

ጸሎት ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ፣ ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ሰው የማያደማምጥ አዳራሽ ነው። በግቢው ጥግ፣ ከአንድ አልጋና ከአንድ ወንበር በቀር በማትይዝ ክፍል ውስጥ እማማ ሹክሹክ ይኖሩ ነበር። ስሙ የወጣላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ስለሚመጣው ዘመን በሹክሹክታ ስለሚናገሩ ነው። ታዲያ የተናገሩትን ራሳቸው አያስታውሱትም። በኋላ ቢጠየቁ «እኔ? ኧረ እኔ ምን ብዬ!» ብለው ይስቃሉ።

ከአፋቸው የወጣ ተስፋ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ሰፈርተኛው አንድ ሥርዓት አበጀ። ተስፋ ለባለቤቱ በቀጥታ አይነገርም። ሰው የራሱን በጆሮው ከሰማ ያጣፍጠዋል፣ እንደ ልቡ ይቀጥለዋል ብለው ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ገብቶ ይቀበልለታል። ተቀባዩ የሰማውን ለጋሽ መስመር ይነግረዋል፤ ጋሽ መስመር በአዳራሹ የውጭ ግድግዳ ላይ በቀይ የዘይት ቀለም ይጽፈዋል፤ ባለቤቱም እንደማንኛውም መንገደኛ ቆሞ ያነበዋል። ጋሽ መስመር ራሱ እማማ ክፍል ድርሽ አይልም፤ ጸሐፊ መስማት የለበትም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» አሉ። እኛ ባናየው ልጆቻችን፣ እነሱም ባያዩት የልጅ ልጆቻችን አንብበው አይዞን ይበሉ፣ ነው ነገሩ።

ይኼ ግድግዳ እንግዲህ የጋሽ መስመር ኩራት ነበር። ታፔላው ለሆዱ ነው፤ ለግድግዳው ግን ሰባራ ሳንቲም ተቀብሎ አያውቅም። «ስትነግሩኝ ጆሮ ነኝ፣ ስጽፍ እጅ ነኝ፤ አፍ የለኝም» ይል ነበር። ቃል አይጨምርም፣ ቃል አይቀንስም። የሰፈሩ ልጆች ፊደል የቆጠሩት እዚያ ነው። ጎረቤቱ ግንበኛው፣ ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ቤት ሠርቶ እሱ ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት የሚንከራተተው፣ ልጆቹን በተርታ አቁሞ «የግንበኛው ልጆች በራሳቸው ቤት ይኖራሉ፤ ማንም አያስነሳቸውም» የሚለውን ያስነብባቸው ነበር። ሲያነቡለት ጋሽ መስመር ከሩቅ እያየ ደረቱ ይነፋል።

አንድ ልጅ ነበረው። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይባላል፤ ጋሽ መስመር ግን ተጫወተ። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አባቱ ሲጽፍ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ ፊደሎቹን በጣቱ አየር ላይ ይከተል ነበር። ይህ ሙያ የሚለመደው እንደዚያ ነው፤ ጣት ይቀድማል፣ ቡሩሽ ይከተላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው የመጀመሪያ ታፔላውን ብቻውን ጻፈ፣ ለፀጉር አስተካካዩ። ፊደሎቹን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረጋቸው፤ ከኋላቸው ጥላ ሰጣቸው። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር።

ጋሽ መስመር መጣ፤ አየ። ስፓጎ ያልነካው ጽሑፍ! መፋቂያ ስፓቱላውን ከኪሱ አወጣና፣ ፀጉር አስተካካዩና ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች እያዩ፣ ከላይ እስከ ታች ፋቀው። ከዚያ መስመር አስምሮ በራሱ እጅ እንደገና ጻፈው። ልጁ እጁን ቀለም በሚያስለቅቀው አኳራጅ ታጠበ፣ በጨርቅ አደራረቀ፣ ቡሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ አስቀመጠና ሄደ። በማግስቱ ቤት አልነበረም። በሳምንቱም የለም።

እናትየው ሻንጣ አሰረች። «ተነስ፣ እንፈልገው። ያስከፋኸው አንተ፣ ይቅርታ የምትለውም አንተ» አለችው። እሱም እሺ አለ። የአፍ እሺታ አልነበረም፤ ልቡ ተሰብሮ ነበር። የልጁን የተፋቀ ጽሑፍ ቀይ ብናኝ ከጫማው ላይ ሊያራግፈው እንኳ አልቻለም። የጀመረውን የግድግዳ ሥራ ግማሽ ላይ ጥሎ ሊሄድ ተነስቶ ነበር።

ጋሼ የመጣው ይኼን ጊዜ ነው። ያን ሰሞን ከሌሎች ጸሎት ቤቶች ትልልቅ እንግዶች ግድግዳውን ሊያዩ ይመጣሉ ተብሎ ግቢው ይጠረጋል፣ አጥር ይጠገናል። ግድግዳው ግን ግማሹ ባዶ ነው። «እማማ ጸሎት ይዘዋል፣ ከእኔ በቀር ማንም አይገባም» ብሎ ጋሼ ብቻውን እየገባ፣ ብቻውን እየወጣ ያን ወር ተስፋ የሚያመጣው እሱ ነበር። ወንድሙ ቤት ገባ፣ ክንዱን ያዘው፣ ዓይኑ እንባ እንዳዘለ «ወንድሜ፣ ስለ ልጅህ ተቀበልኩልህ» አለው። ያመጣው ቃል ይኼ ነበር፤ «ወላጆቹ ዱካውን አይከተሉ፤ ቢከተሉት ይርቃል። በራሱ እግር ወደ በራቸው ይመለሳል።»

ጋሽ መስመር እንደ ሕፃን አለቀሰ። የወንድሙን እጅ ሳመ። ከዚያ መሰላሉን ተሸክሞ ወጣና የራሱን ተስፋ በራሱ እጅ ጻፈ። እንግዶቹ በነጋታው ስለሚገቡ ቸኮለ፤ የመጀመሪያው ቀለም ሳይደርቅ ሁለተኛውን ደረበበት። መስመሩ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማደደ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ሚስቱን እጇን ይዞ ግድግዳው ፊት አቁሞ አነበበላት። ሻንጣው በእጇ ነበር።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» አለች። «ልጄን በቀለም ልታስቀርብኝ ነው?»

«እኔ ያልኩት እኮ አይደለም፤ የተነገረ ነው። ብንከተለው ይርቃል ተብሏል። አንቺ ልጄን ልታርቂብኝ ነው?» አላት።

እናት ናት፤ ልጇን የምታርቅ እሷ እንዳትሆን ፈራች። ሻንጣውን ይዛ ተመለሰች።

ዓመት ዓመትን ወለደ። ጋሽ መስመር የውጭ በሩን መቀርቀር ተወ። የበሩንም ቀለም፣ ልጁ ሲመጣ እንዳይሳሳት ብሎ፣ በዚያው በድሮው አረንጓዴ ብቻ ያድሰው ነበር። «ምነው ሌላ ቀለም ብትሞክር?» ሲሉት «በሩን የሚያውቅ ሰው አለ» ይላል። ልጅ የጠፋባቸው ሌሎች ወላጆች ሳይቀሩ እየመጡ ያችን የተጨማደደች መስመር ቆመው ያነቧታል፤ እሱም ከአጠገባቸው ቆሞ «አይዟችሁ፣ የእኔም ይመጣል፣ የእናንተም ይመጣል» ይላቸዋል። ሚስቱ ብቻ በዚያ ግድግዳ በኩል ማለፍ ተወች። ገበያ ስትወርድ ዞራ ነው የምትሄደው።

በሰባተኛው ዓመት እማማ ሹክሹክ አረፉ። ያስታመመቻቸው የእህታቸው ልጅ ከግቢው ወጥታ በዋናው መንገድ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ከፈተችና ታፔላ ለማስጻፍ ጋሽ መስመርን ጠራችው። ሳቂታ ናት፣ ወሬ ትወዳለች፤ ፊደል ግን አልቆጠረችም።

«ምን ብዬ ልጻፍልሽ?»

«ሻይና ትኩስ ዳቦ። ሌላ ምን አለኝ! ብቻ እንደ ግድግዳው እንዳያደርጉብኝ፤ ሰዉ ተስፋ ብቻ ጠጥቶ ይሄድብኛል።»

ሳቁ። የስፓጎውን አንድ ጫፍ እሷ ያዘች፣ ሌላውን እሱ። እሱ ቁመት እየለካ፣ እሷ እያወራች ስለ እማማ አነሱ።

«ደግነቱ ሳይሠቃዩ ሄዱ» አለች። «የዚያን ጊዜው የጉሮሮ ሕመም ይብስ ነበር።»

«የቱ ሕመም?»

«እነዚያ ትልልቆቹ እንግዶች የመጡ ጊዜ ነዋ! እኔስ ላስታምማቸው የመጣሁት ለዚያ አይደል? ወር ሙሉ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ውሃ እንኳ ሲፈልጉ በእጃቸው ነበር የሚያሳዩኝ።»

ጋሽ መስመር ስፓጎውን እንደወጠረ ቀረ። «ሹክሹክታስ? ሹክሹክታም አልነበራቸውም?»

«ምን ሹክሹክታ! ትንፋሽ ብቻ። ሰብሳቢው 'እንግዶቹ እስኪሄዱ ለማንም እንዳትናገሪ፣ ሰው ልቡ ይወድቃል' አሉኝ። እኔም አፌን ያዝኩ። አሁንማ ምን አለበት፣ አልፏል።»

«ሰብሳቢው ያን ወር… ገብቶ ተስፋ አልተቀበለም?»

«ከማን አፍ? በር ላይ ቆመው 'እንዴት አደሩ' ብለው ይመለሱ ነበር እንጂ!»

ስፓጎው ከእጁ አመለጠ። ግድግዳው ላይ ጠማማ ነጭ መስመር ተሰመረ። በዚያ ወር አራት ተስፋ ጽፏል። አራቱንም ያመጣው ጋሼ ነው። አራተኛው የልጁ ነው።

ሴትዮዋ ፊቱ ሲጠቁር አየችና ስለ ልጁ አስቦ መሰላት። ልታጽናናው ፈለገች፣ እሷ ምን ታድርግ። «አይዞዎት፣ ተጽፎ የለ እንዴ! ውይ፣ ስለ ግድግዳው ካነሳን አንድ የገረመኝን ልንገርዎት። እኔ ፊደል ስለሌለኝ መንገደኛ የቆመ ባየሁ ቁጥር 'ምን ይላል?' እላለሁ። አንዴ፣ አራት ዓመት ይሆነዋል፣ ግቢውን ስጠርግ አንድ ጎረምሳ ግድግዳው ፊት ቆሟል። ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሷል፣ ደረቱ ላይ የጠርሙስ ሥዕል ያለበት፣ የዚያ የብርጭቆ ፋብሪካው። እና ምን ያደርጋል መሰልዎት? ጣቱን አየር ላይ እንዲህ፣ እንዲህ ያደርጋል! ያመመው መስሎኝ ነበር።»

ጋሽ መስመር መሰላሉን ያዘ።

«ቀረብ ብዬ 'ምን ይላል የኔ ልጅ?' አልኩት። 'የአንድ ልጅ እናትና አባት ልጃቸውን እንዳይፈልጉ ተነገራቸው፤ እነሱም እሺ ብለው ቀሩ ይላል' አለኝ። ከዚያ መስመሯን በእጁ ዳሰሳት። 'ይችን ሳይደርቅ ነው የደረባት። እሱ እንዲህ አያደርግም ነበር። በጣም ቸኩሎ ነው' አለ። ከዚያ ሄደ። ወደ ሰፈር መስሎኝ ነበር የመጣው፣ ግን ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ። ምነው ጋሽ መስመር? ምነው? ውሃ ላምጣልዎት?»

የብርጭቆ ፋብሪካው ግማሽ ቀን መንገድ ነው። ግማሽ ቀን! ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። እሱ በሩን አረንጓዴ እየቀባ ሲጠብቅ ልጁ እዚያ ብርጭቆ ያወጣ ነበር።

ቀለሙን ሳይከድን፣ መሰላሉን ሳያነሳ ወደ ወንድሙ መደብር ሄደ። ጋሼ ሚስማር እየመዘነ ነበር። ሲያየው ፈገግ አለ፤ ሚዛኑን ትቶ እንደ ልማዱ ክንዱን ሊይዝ መጣ።

«ጋሼ፣ የልጄን ተስፋ ከማን አፍ ነው የሰማኸው?»

«ምን ማለትህ ነው? ከእማማ ነዋ።»

«ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር አሉ።»

ጋሼ በሩን አየ፤ ሰው እንደሌለ ሲያረጋግጥ ወንበር ሳበ። «ና ቁጭ በል ወንድሜ። ረጋ በል። ያን ሰሞን ሰው መሆንህ ቀርቶ ነበር። ላጽናናህ ብዬ ነው። ክፉ ነገር ተናገርኩ? ይመለሳል ነው ያልኩት።»

«ዱካውን አትከተሉ ብለሃል።»

«ልትሄድ ነበራ!» አለ ጋሼ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ግድግዳው ግማሹ ባዶ፣ እንግዶቹ ደርሰው፣ አንተ ሻንጣ ይዘህ! ማን ሊጽፈው ነው? ግድግዳውን አይተው ጣሪያውን ያሠሩልን እኮ እነዚያ ሰዎች ናቸው። ሁለት ሦስት ቀን ቢያቆይህ ብዬ ነው። ከዚያ በኋላማ አንተው ራስህ ይዘኸው ቀረህ፤ እንዴት ብዬ ልንገርህ? ደግሞ ለራሴ ምን አገኘሁበት? ንገረኝ እስቲ፣ ምን አገኘሁ?»

እውነቱን ነው፤ ለራሱ ያገኘው ነገር የለም። ሰውን የሚያበግነውም ይኼ ነው። ሰርቆ ቢሆን ሌባ ብለህ ትገላገለዋለህ። ይኼ ግን ለጣሪያ ቆርቆሮ ብሎ፣ ለሁላችን ብሎ፣ ክንድ ይዞ፣ እንባ አቅርሮ ነው የዋሸው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኼ አይደል?

«ልጄ መጥቶ ነበር» አለ ጋሽ መስመር። ድምፁ ከእሱ የወጣ አይመስልም ነበር። «ከአራት ዓመት በፊት። ግድግዳውን አነበበና ተመለሰ።»

ጋሼ ቀና አለ። ፊቱ ቀስ እያለ በራ። «መጣ? በራሱ እግር?»

«በራሱ እግር።»

«አየህ!» ብሎ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ፤ ሚስማሮቹ ዘለሉ። «አየህ ወንድሜ! ደረሰ እኮ! ያልኩት ደረሰ! አንተ ሳታውቅ ተስፋው ተፈጽሟል!»

ክንዱን ሊይዘው እጁን ዘረጋ። ጋሽ መስመር ያንን እጅ አየው። ቡሩሽ ያስያዘውን፣ ደብተር የገዛለትን፣ ከሰባት ዓመት በፊት የሳመውን እጅ። «እጅህን ሰብስብ» አለው። «ጋሼ» አላለም። ከዚያ ወዲያም ብሎት አያውቅም።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ልብስ እየተኮሰች ነበር። በሩ ላይ እንደቆመ ሁሉንም ነገራት፤ ስለ ጉሮሮው፣ ስለ እንግዶቹ፣ ስለ ጎረምሳው ጣት። ካውያውን በቁሙ አስቀመጠችና አዳመጠችው። ስትጮኽ፣ ፊቷን ስትቧጥጥ ነበር የጠበቃት። አልጮኸችም።

«ወንድምህ አንተን ዋሸህ» አለችው። «እኔን የዋሸኝ ማነው? እጄን ይዞ ያነበበልኝ ማነው?»

ጆሮ ነኝ፣ እጅ ነኝ እያለ ኖረ፤ ለሚስቱ ግን አፍ ነበረው፣ ያውም የሚቆርጥ አፍ። ቁጭ ብሎ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እሷ ተጠግታ አላባበለችውም። ከቁም ሣጥኑ አናት ሻንጣውን አወረደች፤ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች።

«ወደ ፋብሪካው የሚሄደው አውቶቡስ መቼ ነው የሚወጣው?»

«ጠዋት።»

«ጠዋት እንሄዳለን» አለችና ወደ ካውያዋ ተመለሰች።

ጠዋት ሰው ወደ ሥራ ሲወጣ ጋሽ መስመር መሰላሉ ላይ ነበር። በስፓቱላው ያችን የተጨማደደች መስመር ይፍቃል። ሳይደርቅ የተደረበ ቀለም መልቀቁ ይቀላል፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ወረደ። አንድ ሁለት እያለ ሰው ተሰበሰበ። ምንም አልደበቀም፤ የሆነውን በጥቂት ቃል ነገራቸው። አንዳንዱ አንገቱን ነቀነቀ፣ አንዳንዱ «የሰብሳቢውን ስም ለማጥፋት ነው» ብሎ አጉረመረመ። ከዚያ ግንበኛው የሥራ ከረጢቱን በትከሻው አንጠልጥሎ ቀረበ።

«የእኔን የተቀበለልኝ ማን ነበር?»

ጋሽ መስመር ከመሰላሉ ወረደ። ይህ ከላይ ሆነው የሚናገሩት ነገር አይደለም። «ያው ሰብሳቢው ነው» አለው። «በዚያው ወር ነው። ወንድሜ፣ የአንተም…»

ግንበኛው ወደ ግድግዳው አየ። የግንበኛው ልጆች በራሳቸው ቤት ይኖራሉ። ያን ሳምንት አከራዩ ቤቱን ልቀቅ ብሎት ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጋሽ መስመር ስፓቱላውን ይዞ «ልፋቀው?» በሚል ዓይን አየው።

«እንዳትነካው!» አለ ግንበኛው። «ልጆቼ ፊደል የቆጠሩት በእሷ ነው። ማታ ገብቼ ምን ልበላቸው? የጻፍከው አንተ ነህ። የእሱን አፍ ማን ያውቀዋል፣ እኛ ያመንነው ያንተን እጅ ነው።»

ይህን ብሎ ሄደ። ደህና ዋል አላለውም። ጋሽ መስመር ከወንድሙ የጠጣው ሐሞት ሳያንስ ለሰው ያጠጣውንም ያን ጊዜ ቀመሰ። የግንበኛውን መስመር ሳይነካ መሰላሉን መልሶ ወጣ።

የተፋቀውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት አሸ፤ በጨርቅ ጠረገ። ቀዩን ቀለም ከፈተ። ስፓጎውን ከኪሱ ያወጣል ብለው ጠበቁ፤ አላወጣም። ቡሩሹን ነከረና በባዶ ግድግዳ ላይ ዝም ብሎ ጀመረ። ፊደሎቹን ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ዘንበል አደረጋቸው። እጁ አልለመደውም፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይላል። እንዲህ ብሎ ጻፈ፤

«ልጄ፣ ተዋሽቼ ነው የቀረሁት። ጽሑፍህም ያምር ነበር። እናትህና እኔ ዱካህን ይዘን ወጥተናል። ብንተላለፍ በሩ ክፍት ነው፤ ግባና ጠብቀን።»

የመጨረሻዋን ፊደል ሲጨርስ ወንድሙ ሰው እየገፋ ደረሰ። ላብ አጥምቆታል። አነበበ። የአንገቱ ደም ሥር ተገተረ።

«ምንድነው ይኼ?» አለ ለሕዝቡ በሚሰማ ድምፅ። «ይኼ የተስፋ ግድግዳ ነው! ለሚመጣው ትውልድ የተጻፈ ነው! ማንም እየተነሳ የቤቱን ጉዳይ አይለጥፍበትም፤ ሥርዓት አለን። ይኼን ማን ተናገረው? ማንስ ተቀበለው?»

ጋሽ መስመር ከመሰላሉ ወርዶ ቡሩሹን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ከኋላ ሰው ተከፈለ። ሰባት ዓመት በዚያ ግድግዳ በኩል ያላለፈችው ሚስቱ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ባሏ አጠገብ ቆመች፤ ጽሑፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ማንም ሳያነብላት፣ ለራሷ አነበበች።

«እሱ ተናገረው፣ እኔ ሰማሁት» አለች። «አሁን ከመሰላሉ ሥር ዘወር በል፤ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው።»